ዘርና ፍትሐዊነት በአሜሪካ ኮሌጆች ቅበላ፦ ከካሳ ጥያቄ ወደ ስብጥር፣ ከስብጥር ወደ ክልከላ

አኅጽሮተ ጥናት

የዩናይትድ ስቴትስ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ተማሪ ሲቀበሉ የአመልካቹን ዘር ከግምት ማስገባት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ጥያቄ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ካከራከረ በኋላ በ2023 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አዲስ ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የውሳኔዎቹን ሂደት በቅደም ተከተል በመፈተሽ በየዘመኑ የተሠራባቸውን የፍትሐዊነት አስተሳሰቦች ለይቶ ማሳየት ነው። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የድጋፍ እርምጃው የተጀመረው ያለፈ በደልን ለማረም ሲሆን፣ ከ1978 በኋላ በሕግ የቆመው ግን የተማሪዎች ስብጥር ለትምህርት ይበጃል በሚል ሌላ ምክንያት ነው። ይህ የምክንያት ለውጥ እርምጃውን ለአርባ አምስት ዓመታት ከመፍረስ አድኖታል፤ በመጨረሻም ለመፍረሱ በር የከፈተው ይኸው ለውጥ ነው። ጽሑፉ የአፍሪቃ ስደተኞችን ልጆች ሁኔታ እንደ መፈተኛ ወስዶ ይመረምራል፤ ሲያጠቃልልም ለኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ የሚጠቅሙ ጥያቄዎችን ያነሣል። ዓ.ም. ከሚል መለያ ጋር ከተጠቀሱት በስተቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅበላ፣ የድጋፍ እርምጃ፣ ዘር፣ ስብጥር፣ ካሳ፣ ችሎታ

1. መግቢያ

አንድ የትምህርት ተቋም ካለው ቦታ የሚበልጥ አመልካች ሲመጣበት መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ምርጫ ባለበት ሁሉ ደግሞ «እሱ ለምን ገባ? እኔ ለምን ቀረሁ?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ውጤቱ በለጠ» የሚል ነው። መልሱ ቀላልና ግልጽ ይመስላል፤ ውድድሩ በበረታበት ቦታ ግን አያዛልቅም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበው ክስ ፍርድ ቤት ባረጋገጠው ማስረጃ መሠረት፣ በ2019 ለሚመረቀው ክፍል ካመለከቱት ወደ 26,000 የሚጠጉ የአገር ውስጥ ተማሪዎች መካከል ከ8,000 በላይ የሚሆኑት የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው ጉድለት የሌለበት ነበር፤ ወደ 3,500 የሚሆኑት ደግሞ በመግቢያ ፈተናው የሒሳብ ክፍል ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል። ቦታው ግን ከ2,000 ያነሰ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውጤት ብቻውን ወንፊት ሊሆን አይችልም፤ ሌላ መለኪያ መጨመሩ አይቀርም። ክርክሩም የሚነሣው ከዚያ ሌላ መለኪያ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ዘር» ሲባል ትውልድንም፣ ነገድንም፣ ብሔርንም ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉ የገባው በአሜሪካ ሕግና አስተዳደር ሰዎች ጥቁር፣ ነጭ፣ እስያዊ፣ የአገሩ ነባር ተወላጅ ወዘተ. ተብለው የሚመደቡበትን ክፍፍል ለማመልከት ብቻ ነው። «የድጋፍ እርምጃ» የሚለው ሐረግም በእንግሊዝኛ አጠራሩ «አፈርማቲቭ አክሽን» በመባል የሚታወቀውን አሠራር ይወክላል።

2. የጥያቄው ታሪካዊ መነሻ

በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ነው። ከሦስት ዓመታት በኋላ የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ማንኛውም ክፍለ ግዛት በግዛቱ ላለ ሰው የሕግ እኩል ጥበቃን እንዳይነፍግ ደነገገ። ይሁን እንጂ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 «ተለያይተው፣ ግን እኩል» የሚለውን አሠራር ሕጋዊ በማድረጉ ጥቁሮች ከነጮች ተቋማት ተገልለው እንዲቆዩ ሆነ። የከፍተኛ ትምህርት በር መከፈት የጀመረው በክስ ነው። በ1950 ፍርድ ቤቱ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ጥቁር አመልካች እንዲቀበል አዘዘ። ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተከፈተው ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት በመምህራን ዝናም፣ በቤተ መጻሕፍትም፣ ከምሩቃኑ ጋር በሚገኘው ትስስርም ከነባሩ ጋር እንደማይተካከል ውሳኔው አመለከተ። በ1954 በብራውን ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትን በጠቅላላው ሻረ።

በር መክፈት ብቻውን በቂ ነውን? የ1960ዎቹ ዐቢይ ጥያቄ ይህ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመጋቢት 1961 ባወጡት ትእዛዝ የመንግሥት ሥራ ተቋራጮች በዘር ሳይለዩ ሠራተኛ እንዲቀጥሩ አዎንታዊ እርምጃ እንዲወስዱ አስገደዱ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ፕሮግራም በዘር እንዳያገል ከለከለ። ሃርቫርድን የመሰሉ የግል ተቋማት ሳይቀሩ በዚህ ክርክር ውስጥ የገቡት በዚህ ድንጋጌ አማካይነት ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በሰኔ 1965 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ለዘመናት በሰንሰለት ታስሮ የኖረን ሰው ፈትቶ ከሩጫው መነሻ መስመር ላይ በማቆም ብቻ ውድድሩ ፍትሐዊ ሆነ ማለት እንደማይቻል አስረዱ። ይህ የካሳ አስተሳሰብ ነው፤ በደል ደርሷል፣ በደሉ የዛሬውን ሁኔታ ፈጥሯል፣ ስለዚህ መታረም አለበት ይላል።

3. የባኪ ጉዳይና የምክንያቱ መለወጥ

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከሚቀበላቸው 100 ተማሪዎች መካከል 16ቱን ቦታዎች ለአናሳ ወገኖች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። በ1973 እና በ1974 አመልክቶ ሁለቱንም ጊዜ ያልተሳካለት አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች፣ በልዩ ፕሮግራሙ ከገቡት አንዳንዶቹ ከእርሱ ያነሰ ውጤት እንደ ነበራቸው በመግለጽ ከሰሰ። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አራት ዳኞች ፕሮግራሙ ሕግ የጣሰ ነው አሉ፤ አራቱ ደግሞ ሕጋዊ ነው አሉ። ወሳኙ ድምፅ በዳኛ ሉዊስ ፖውል እጅ ወደቀ።

ፖውል ቁርጥ ያለ ኮታ ሕገ ወጥ ነው፣ ባኪም ሊገባ ይገባል ሲሉ ከመጀመሪያዎቹ አራት ጋር ተስማሙ። ዘርን ከብዙ መመዘኛዎች እንደ አንዱ መመልከት ግን ይፈቀዳል በማለት ከሌሎቹ አራት ጋር ቆሙ። ትልቁ ቁም ነገር ይህን የፈቀዱበት ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲው ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ በኅብረተሰቡ ውስጥ የደረሰውን መድልዎ ለማካካስ የሚል ነበር። ፖውል ይህን አልተቀበሉም። አንድ ትምህርት ቤት ራሱ ያላደረሰውን፣ በኅብረተሰብ ደረጃ በጥቅሉ የሚነገረውን በደል፣ በደሉን ባልፈጸሙ ግለሰቦች ኪሳራ ሊያካክስ አይችልም አሉ። የተቀበሉት ልዩ ልዩ የሕይወት ልምድ ያላቸው ተማሪዎች አብረው መማራቸው የትምህርቱን ጥራት ያጎለብታል የሚለውን ምክንያት ብቻ ነው። ለአርአያነትም የሃርቫርድን የቅበላ አሠራር ጠቀሱ። የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል በበኩላቸው በለየ አስተያየታቸው የባርነትንና የመገለልን ታሪክ ዘርዝረው፣ ሕገ መንግሥቱ ያን በደል ለማረም የሚደረገውን ጥረት ይከለክላል ማለት እንደማይገባ ተከራከሩ።

በዚህ ቀን ክርክሩ መሠረቱን ለወጠ። የካሳ አስተሳሰብ ወደ ኋላ ተመልክቶ «ማን ተበደለ? ምን ይገባዋል?» ሲል ይጠይቃል። የስብጥር አስተሳሰብ ግን ወደ ፊት ተመልክቶ «ተማሪው ለክፍሉ ምን ያመጣል?» ይላል። በፊተኛው እይታ ጥቁሩ ተማሪ ባለ መብት ነው፤ በኋለኛው ግን ለሌሎች ትምህርት የሚጠቅም ሀብት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ዓላማቸው በልባቸው ፍትሕን ማስፈን ቢሆን እንኳ በፍርድ ቤት ፊት መናገር የሚችሉት ስለ ስብጥር ብቻ ሆነ።

4. ከሚሺጋን እስከ ቴክሳስ

በ2003 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረቡት ሁለት ክሶች አዲሱ መሠረት ተፈተነ። በመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሙ ቅበላ የሚፈጸመው 150 ነጥብ ባለው ሠንጠረዥ ሲሆን፣ 100 ነጥብ ያመጣ ይገባ ነበር፤ ከአናሳ ወገን የሆነ አመልካች በዚያው ብቻ 20 ነጥብ ይታሰብለታል። ፍርድ ቤቱ ይህን በ6 ለ3 ድምፅ ሻረው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ግን እያንዳንዱን ማመልከቻ በሙሉ እያነበበ ዘርን ከሌሎች ነገሮች ጋር ይመለከት ስለ ነበር በ5 ለ4 ድምፅ ጸደቀለት። በውጤቱ አሠራሩ ግልጽ በሆነ መጠን ሕገ ወጥ፣ በተሸፋፈነ መጠን ሕጋዊ ሆነ። ይህ ትችት ከደጋፊም ከተቃዋሚም ወገን በተደጋጋሚ ተሰንዝሯል። በሕግ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ ላይ የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከ25 ዓመታት በኋላ ዘርን ከግምት ማስገባት አስፈላጊ እንደማይሆን ያላቸውን ተስፋ ገለጹ።

በዚሁ ዘመን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አሠራሩን በሕዝብ ድምፅ አገዱ። ካሊፎርኒያ በ1996፣ ዋሽንግተን በ1998፣ ሚሺጋን በ2006 ይህን አደረጉ። ቴክሳስ ደግሞ በ1996 በአንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከታገደች በኋላ በ1997 ሌላ መንገድ ቀየሰች፤ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በውጤት ከመቶ አሥሩን እጅ ደረጃ የያዙ ተማሪዎች ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ በሕግ ዋስትና ሰጠች። ሕጉ ስለ ዘር አንድም ቃል አይናገርም። ይሁን እንጂ ስብጥርን የሚያመጣው የክፍለ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች በኑሮ ደረጃና በዘር ተለያይተው በመኖራቸው ነው። ትምህርት ቤቶቹ ተቀላቅለው ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ባልሠራም ነበር። አንዱ የመለያየት ችግር ለሌላው መድኃኒት ሆነ ማለት ይቻላል።

5. የ2023 ውሳኔ

በኅዳር 2014 አንድ ማኅበር በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ክስ መሠረተ። ይህ ክስ ከቀድሞዎቹ የሚለየው ተበደሉ የተባሉት በዋናነት እስያውያን አሜሪካውያን በመሆናቸው ነው። በሃርቫርድ የመመዘኛ ሥርዓት እስያውያን በትምህርት ውጤት ከፍተኛ፣ «የግል ባሕርይ» በሚባለው መመዘኛ ግን በአማካይ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣቸው እንደ ነበር በክርክሩ ተገለጠ። የሥር ፍርድ ቤቱ በ2019፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2020 ሆነ ተብሎ የተፈጸመ መድልዎ አልተረጋገጠም በማለት ለዩኒቨርሲቲው ወሰኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰኔ 29 ቀን 2023 ውሳኔውን ገለበጠ። በሰሜን ካሮላይና ጉዳይ ድምፁ 6 ለ3፣ ዳኛ ጃክሰን ራሳቸውን ባገለሉበት በሃርቫርድ ጉዳይ ደግሞ 6 ለ2 ነበር።

የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ የጻፉት ውሳኔ ባለፈው ክፍል የታየውን ድክመት ነቅሶ ያወጣ ነው። የስብጥር ጥቅም የሚባለው ሊለካ አይችልም አሉ፤ ምን ያህል ሲሆን በቂ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ምድቦቹ ጥርት ያሉ አይደሉም፤ «እስያዊ» የሚለው ቃል ከቻይና እስከ ሕንድ ያለውን ሕዝብ በአንድ ከረጢት ይከታል፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው አመልካች ደግሞ የት እንደሚመደብ አይታወቅም። ቅበላ የተወሰነ ቦታ ያለው ውድድር በመሆኑ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ ነው። በመጨረሻም አሠራሩ ማብቂያ የለውም። ይሁንና ውሳኔው አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ በጽሑፉ ቢገልጽና ይህም ከባሕርዩ ወይም ከችሎታው ጋር ቢያያዝ ዩኒቨርሲቲው ሊመለከተው ይችላል። የጦር አካዳሚዎችም በውሳኔው አልተነኩም።

በልዩነት የጻፉት ዳኛ ሶቶማዮርና ዳኛ ጃክሰን የመለሱት በስብጥር ቋንቋ ብቻ አይደለም። በተለይ ዳኛ ጃክሰን በጥቁሮችና በነጮች መካከል ያለው የሀብት፣ የጤናና የትምህርት ልዩነት ከየት እንደ መነጨ በታሪክ አስደግፈው ዘረዘሩ። ማርሻል በ1978 ያቀረቡት የካሳ ድምፅ ከ45 ዓመታት በኋላ እንደገና ተሰማ፤ ዳግመኛም በአናሳ ድምፅ ቀረ።

6. የአፍሪቃ ስደተኞች ልጆች፦ የሁለቱ አስተሳሰቦች መፈተኛ

በካሳና በስብጥር መካከል ያለው ልዩነት በተግባር ጎልቶ የሚታየው በጥቁር ስደተኞች ልጆች ላይ ነው። ዳግላስ ማሴና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1999 ወደ 28 ተመራጭ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች መካከል 27 በመቶ ያህሉ ራሳቸው ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች እንደ ነበሩ አሳይተዋል። በአገሪቱ በዚያው ዕድሜ ካሉት ጥቁሮች መካከል ግን የእነዚህ ድርሻ ወደ 13 በመቶ ብቻ ነበር። የሃርቫርድ መምህራን ላኒ ጊኒየርና ሄንሪ ሉዊስ ጌትስም በ2004 ጉዳዩን በይፋ አንሥተው፣ ከተቋሙ ጥቁር ተማሪዎች ብዙዎቹ ከካሪቢያንና ከአፍሪቃ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች መሆናቸውን አመለከቱ።

የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆችም በዚህ ምድብ ውስጥ ይገኛሉ። ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ የገቡት በአብዛኛው በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ፣ በቤተሰብ ጥሪ፣ ወይም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ዲቪ» እየተባለ በሚታወቀው የዕጣ ፕሮግራም ነው። የዲቪ ዕጣ ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ወይም የተወሰነ የሥራ ልምድን የሚጠይቅ በመሆኑ ከመነሻው መራጭ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ወይም በሆቴል እየሠራ ልጁን የሚያስተምር አባት በአገሩ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በቤቱ ገንዘብ ቢያንስም የትምህርት ክብር አለ።

የእንዲህ ያለው ቤተሰብ ልጅ በስብጥር መመዘኛ ቢታይ ተፈላጊ ነው፤ ሁለት ቋንቋና ሁለት ባህል ይዞ ይመጣል። በካሳ መመዘኛ ቢታይ ግን ቅድመ አያቶቹ በአሜሪካ በባርነት አልኖሩም፤ አያቶቹም በሚሲሲፒ ከትምህርት ቤት አልተባረሩም። በሌላ በኩል ይህ ልጅ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመው፣ አባቱም ቤት ለመከራየት ሲጠይቅ፣ የቆዳው ቀለም እንጂ የትውልድ ታሪኩ አይጠየቅም። የዛሬው መድልዎ ስደተኛውንና ነባሩን አይለይም። ስለዚህ «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» የሚለው መልስ የሚወሰነው የድጋፉ ዓላማ ያለፈውን በደል ማረም፣ የዛሬውን መድልዎ መቋቋም፣ ወይም ክፍሉን ማበልጸግ በመሆኑ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሦስቱን ዓላማዎች «ጥቁር» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ስለ ጨመሩ ጥያቄውን ሳይመልሱት ኖረዋል። የሚከፍለውም የባርነት ዘር ሆኖ በድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት የተማረው፣ በስሙ ድጋፉ የተጀመረለት ልጅ ነው።

7. «ችሎታ» የሚባለው መመዘኛ

የዘር ግምት ከተወገደ የሚቀረው ንጹሕ ችሎታ ነው የሚል እምነት አለ። በሃርቫርድ ክስ የወጣው ማስረጃ ይህን እምነት ያናጋዋል። ለከሳሹ ወገን የመሰከሩት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ፒተር አርሲዲያኮኖና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ተቀባይነት ካገኙት ነጭ ተማሪዎች መካከል ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለስፖርት የተመለመሉ፣ የቀድሞ ተመራቂዎች ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ ወይም በዲኑ ልዩ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ነበሩ። በጥቁሮች፣ በእስያውያንና በላቲኖዎች ዘንድ ይህ ድርሻ በየምድቡ ከ16 በመቶ በታች ነው። ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን በ2023 ያወጡት ጥናትም በገቢ ከመቶ አንደኛውን እጅ ከያዙት ቤተሰቦች የሚመጡ ልጆች፣ ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው የመካከለኛ ኑሮ ልጆች ይልቅ ወደ ታላላቆቹ ኮሌጆች የመግባት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አረጋግጧል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቀድሞ ተመራቂን ልጅ ማስቀደም በዘር ገለልተኛ መስሎ የዘርን ታሪክ የሚሸከም መሆኑ ነው። አያቶቻቸው እንዳይገቡ የተከለከሉ ልጆች የተመራቂ ልጅ ሊሆኑ አይችሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ከመመዘኛነት ሲያወጣ ይህን አሠራር አልነካውም። ከውሳኔው በኋላ ግን ተቃውሞው በርትቷል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2024 በሕግ ያስቀሩት ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ክልከላውን ወደ ግል ኮሌጆችም አስፋፍታለች።

8. የክልከላው ውጤት

ዘርን ከግምት ማስገባት ሲቀር ምን ይከተላል? ረጅሙን ማስረጃ የምትሰጠው ካሊፎርኒያ ናት። ክልከላው በቅበላ ላይ መሥራት በጀመረበት በ1998 በጣም ተፈላጊ በሆኑት በበርክሌና በሎስ አንጀለስ ቅጥር ግቢዎች የአናሳ ወገን አዲስ ተማሪዎች ቁጥር በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ወረደ። ዩኒቨርሲቲው በኋላ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደ ገለጸው፣ ዘርን በማይመለከቱ መንገዶች ሁኔታውን ለማሻሻል ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል፤ ያም ሆኖ የሚፈለገው ውጤት ሙሉ በሙሉ አልተገኘም።

በተማሪዎቹ ሕይወት ላይ ያለውን ውጤት በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች አሉ። ሪቻርድ ሳንደር በ2004 ባቀረቡት መላ ምት፣ በድጋፍ ከአቅማቸው በላይ ወደ ሆነ ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ድጋፉ ራሱ ይጎዳቸዋል። መላ ምቱ ብዙ የአሠራር ትችት ደርሶበታል። ዛካሪ ብሊመር በ2022 ባሳተሙት ጥናት የካሊፎርኒያን አመልካቾች የትምህርትና የደመወዝ መዛግብት አገናኝተው ሲመረምሩ ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ክልከላው የአናሳ ወገን አመልካቾችን ወደ ዝቅተኛ ቅጥር ግቢዎች ገፋቸው፤ ዲግሪ የማግኘት ዕድላቸው ቀነሰ፤ ከ24 እስከ 34 ባለው ዕድሜያቸው የዓመት ገቢያቸው በ5 በመቶ ያህል ዝቅ አለ።

ከ2023 ውሳኔ በኋላ የመጀመሪያው ቅበላ ያስገኘው ቁጥር ወጥ አይደለም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጥቁሮች ድርሻ ከቀደሙት ዓመታት አማካይ 13 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረደ። በአምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3 በመቶ አሽቆለቆለ። በሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 በመቶ ሲቀንስ፣ በዬል ግን በ14 በመቶ ጸና። ከአንድ ዓመት ቁጥር ተነሥቶ መደምደም አይገባም። ልዩነቱ ግን አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ተቋማት ድሃ አመልካቾችን ለመፈለግ፣ የገንዘብ ድጋፍ ለመስጠትና ማመልከቻዎችን በጥልቀት ለማንበብ የሚያደርጉት ጥረት የቅበላውን ውጤት ሊለውጥ ይችላል።

9. ለኢትዮጵያ የሚነሡ ጥያቄዎች

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከአሜሪካው በታሪክም በሕግም ይለያል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን በመብትነት ሲደነግግ፣ መነሻው በታሪክ የደረሰባቸው የበታችነትና የልዩነት ቅርስ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የአሜሪካው ፍርድ ቤት በ1978 ያልተቀበለው የካሳ ምክንያት በኢትዮጵያ በሕገ መንግሥት ደረጃ የቆመ ነው ማለት ነው። በተግባርም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና እንደ አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካሉ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ሲወሰን ቆይቷል።

ይህ የሕግ መሠረት ጥንካሬ ቢሆንም ከምድብ ችግር አያድንም። በስደተኞች ልጆች ላይ የታየው ጥያቄ እዚህም ይነሣል። በክልል ዋና ከተማ በጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረ የነጋዴ ልጅና ከብት እየጠበቀ በየወቅቱ ትምህርቱ የሚቋረጥበት የአርብቶ አደር ልጅ በአንድ ምድብ ይታያሉ። በሌላ ክልል በገጠር ቀበሌ ያለ መጽሐፍና ያለ ቤተ ሙከራ የተማረው ወንድ ልጅ ግን ከምድቡ ውጭ ነው። ክልል የችግር ምልክት እንጂ ችግሩ ራሱ አይደለም። ምልክቱን ከችግሩ ጋር በየጊዜው ማመሳከር የተመራማሪዎች ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ድጋፉ መቼ ይጀምር የሚል ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለዚህ ክፍተት መሸፈኛ በሚቀጥለው ዓመት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጀመረ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ጥቂት ነጥብ መቀነስ ከሥር የተበላሸውን አያቃናም። ይህም የአሜሪካ ልምድ ከሚያሳየው ጋር ይስማማል፤ ቅበላ የኢፍትሐዊነት መታያ መስኮት ነው፤ መፍለቂያው ግን ከታች፣ ከአንደኛ ደረጃው ነው።

10. ማጠቃለያ

የአሜሪካው ክርክር ሦስት የፍትሐዊነት አስተሳሰቦችን አፈራርቋል፤ በደልን ማረም፣ ስብጥርን ማበልጸግ፣ ግለሰብን ያለ ዘር መመዘን። እያንዳንዱ የራሱ እውነት አለው። የመጀመሪያው ታሪክን አይረሳም፤ ሁለተኛው የትምህርትን ባሕርይ ያውቃል፤ ሦስተኛው የእያንዳንዱን ሰው ክብር ይጠብቃል። ችግሩ የመጣው የአንዱን ሥራ በሌላው ስም ለመሥራት በመሞከሩ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሊናገሩት ያልተፈቀደላቸውን ምክንያት ይዘው የተፈቀደላቸውን ሲናገሩ ኖሩ። በመጨረሻም «ግባችሁ ምንድን ነው? በምን ይለካል? መቼስ ያበቃል?» ተብለው ሲጠየቁ አጥጋቢ መልስ አልነበራቸውም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም አገር ይሠራል። የድጋፍ እርምጃ የሚቆመው ዓላማው በግልጽ ሲነገር፣ የሚረዳቸው ሰዎች በትክክል ሲለዩና ውጤቱ በየጊዜው ሲለካ ነው። ይህ ካልሆነ ድጋፉ በተቃዋሚዎቹ ከመጠቃቱ በፊት፣ ሊደርስላቸው የታሰበውን ልጆች አልፏቸው ይሄዳል።